ባዕድ የዛፍ ፈንገስ የሚያስከትለው የዕፅዋት ጤና ስጋት ግምገማ

የስጋት ግምገማ ማለት ከውጭ የሚመጣ ተባይ ወይም በሽታ ወደ አገር የመግባት፣ የመላመድና ጉዳት የማድረስ ዕድሉን አስቀድሞ መመርመር ነው። ፈንገስ በጫካ ውስጥ አንዴ ከተስፋፋ ማጥፋት እጅግ አዳጋች በመሆኑ፣ ግምገማው የሚከናወነው ተክሉ ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ነው።

ለአብነት፦ የባሕር ዛፍ ወገን ዋግ

ኦስትሮፑክሲኒያ ሲዲ የተባለው ፈንገስ መገኛው ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ፣ በ2013 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ተገኝቷል። ለጋ ቅጠልንና ቀንበጥን ዱቄት በሚመስል ደማቅ ቢጫ ብናኝ ይሸፍናል። ባሕር ዛፍ፣ ዘይቱንና አገር በቀሉ ዶቅማ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ስለዚህ ስጋቱ በተተከለ ደን ብቻ አይወሰንም።

በግምገማው የሚመለሱ ጥያቄዎች

1. መግቢያ፦ ፈንገሱ በምን ይመጣል? ችግኝ፣ ቅርንጫፍና እርጥብ ቅጠል ዋነኞቹ ናቸው።
2. መላመድ፦ አስጠጊ ተክልና ተስማሚ አየር ያገኛል? በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ ባሕር ዛፍ በስፋት ይገኛል፤ የክረምቱ እርጥበትና መጠነኛ ሙቀትም ለዋግ ሊመች ይችላል።
3. መዛመት፦ ብናኙ በነፋስ ይጓዛል፤ በልብስ፣ በመሣሪያና በተሽከርካሪም ይተላለፋል።
4. ጉዳት፦ ከባሕር ዛፍ አጣናና ማገዶ ሽያጭ የሚተዳደሩ አርሶ አደሮች ገቢ እና የተፈጥሮ ደን ምን ያህል ይጎዳሉ?

በውጤቱ መሠረት ተክሉ እንዲገባ ይፈቀዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል።

ከአስመጪዎች የሚጠበቅ

በዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1985 የተመለከተውን ቁጥጥር ለማሟላት፦

- ተክሉ ከመገዛቱ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ መጠየቅ፤
- ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ማቅረብ፤
- ዕቃውን በመግቢያ ኬላ ማስመርመር።

በሻንጣ የሚያዝ አንድ ችግኝም ቢሆን ከቁጥጥሩ ውጪ አይደለም።

አጠራጣሪ ምልክት ሲታይ

በቅጠል ላይ ቢጫ ብናኝ ያየ ማንኛውም ሰው ቅጠሉን ቆርጦ ወደ ጽሕፈት ቤት መውሰድ የለበትም፤ ብናኙ በመንገድ ላይ ሊበተን ይችላል። ዛፉ ያለበትን ቦታ መዝግቦና ፎቶ አንስቶ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳውቅ። ወደ ሌላ ማሳ ወይም ችግኝ ጣቢያ ከመሄዱ በፊትም ልብሱንና መሣሪያውን ያጽዳ።