ፋይል አጋቾች፦ ከፍሎፒ ዲስክ እስከ አዳማ ፎቶ ኮፒ ቤቶች

እገታና የማስለቀቂያ ገንዘብ ለዚህ አገር አንባቢ እንግዳ ቃላት አይደሉም። በኮምፒውተር ውስጥም እገታ አለ። ራንሰምዌር ይባላል፤ ፎቶውን፣ ጽሑፉን፣ የሒሳብ መዝገቡን ይቆልፍና ለመክፈቻው ዶላር ይጠይቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1982 ዓ.ም. ነው። ጆሴፍ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ስለ ኤድስ መረጃ ይሰጣሉ የተባሉ 20 ሺህ ያህል ፍሎፒ ዲስኮችን ወደ ተለያዩ አገራት በፖስታ ላከ። ዲስኩን የተጠቀመ ሰው ከጊዜ በኋላ ኮምፒውተሩ ይቆለፍበታል፤ 189 ዶላር ወደ ፓናማ የፖስታ ሳጥን እንዲልክም ይታዘዛል። ቁልፉ ግን ደካማ ስለነበር ባለሙያዎች በቀላሉ ፈቱት።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሳው ዋናክራይ ሌላ ነገር ነበር። በቀናት ውስጥ ከ150 በላይ አገራትን አዳረሰ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ አሰረዘ። የጠየቀው 300 ዶላር በቢትኮይን ነበር። የሚገርመው፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር።

ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ መጫን፣ አፕዴቱን «ዳታ ይበላል» ብሎ መዝጋት፣ የደንበኛን ፍላሽ ሳይፈትሹ መሰካት የተለመደ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኮምፒውተሮችን በብዛት ያጠቃው ስቶፕ የተባለው አጋች ደግሞ ዋና መግቢያው ክራክ ፕሮግራም ነው። 980 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ 490 ያደርግለት ነበር። በነፃ የተገኘው ፕሮግራም ዋጋ ይህ ነው። ቢከፈልም ቁልፉ ለመምጣቱ ዋስትና የለም።

የአገራችን ጥገና ቤቶች የተለመደ መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ይህ ቫይረሱን ያጠፋል፤ ተስፋውንም አብሮ ያጠፋል። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ኤምሲሶፍት የተባለ ድርጅት ለ148 የስቶፕ ዓይነቶች መፍቻ በነፃ ለቋል። የተቆለፈ ፋይላቸውን ያስቀመጡ ብዙዎች ያኔ መልሰው አገኙ፤ ፎርማት ያደረገ ግን የሚፈታው ነገር አልነበረውም።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከታገተ መጀመሪያ ዋይፋዩና ኬብሉ ይነቀል፤ ፍላሽም አይሰካበት። የተቆለፉት ፋይሎችና የአጋቹ ደብዳቤ እንዳሉ ይቀመጡ። ከዚያ የአውሮፓ ፖሊሶች በሚደግፉት «ኖ ሞር ራንሰም» ድረ ገጽ ላይ መፍቻ መኖሩ ይታይ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይታገቱ በፊት የሚሠራው ነው። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የነጋዴው መዝገብ በሌላ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ፣ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ። ቅጂ ያለው ሰው ከአጋች ጋር አይደራደርም።