የአድቬንቲስት መጋቢዎች የድኅረ ምረቃ ሥልጠና

ይህ ሥልጠና የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን አገልጋዮች ለመጋቢነት የምታዘጋጅበት ከፍተኛ ትምህርት ነው። ጅምሩ እ.ኤ.አ. በ1934 ካሊፎርኒያ ውስጥ በክረምት የተሰጠ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሲሆን፣ ከዚያ ያደገው ሴሚናሪ ዛሬ በሚቺጋን አንድሪውስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ተማሪዎቹ ዕብራይስጥና ግሪክኛ፣ ስብከት፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክና የምእመናን አጠባበቅ ይማራሉ። ዲግሪ ብቻውን ግን ለሹመት አያበቃም፤ በአጥቢያ አገልግሎት መፈተን ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ዋናው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1947 ሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ የተቋቋመው ኮሌጅ ነው። ለድኅረ ምረቃ ደግሞ ናይሮቢ አቅራቢያ የአፍሪካ አድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ አለ።

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከደጀን እስከ ቢቸናና ሞጣ ባለው የጎጃም አገር ግን የአገልጋይ ትምህርት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የኦርቶዶክሱ ጉባኤ ቤት ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስ ከእነዚህ ጉባኤ ቤቶች አንዱ ነው። ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ እየለመነ፣ ከየኔታ አፍ የግእዝ ቅኔ እየተቀበለ ዓመታት ያሳልፋል፤ የገፋበትም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ (አንድምታ) ይሻገራል። እዚያ የሚጠየቀው ዲግሪ ሳይሆን የመምህሩ ምስክርነት ነው።

ሁለቱም መንገዶች ጥንታዊ ቋንቋን ያስቀድማሉ። በጎጃም ሊያገለግል የሚሰናዳ የአድቬንቲስት መጋቢ ከግሪክኛው ጎን ግእዝና አንድምታ ቢማር አገሬውን በሚገባ ይረዳል፤ ሴሚናሪዎቹም ሊያስቡበት ይገባል።