ከዋቱ በፊት ቦታው

አማተር ሬዲዮ የሚጀምሩ ሁሉ "ስንት ዋት ልግዛ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ "ቤትዎ የት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ለኃይል ማጉያ ብዙ ብር ከከፈልኩ በኋላ ነው የገባኝ።

የቪ.ኤች.ኤፍ. ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ አይመለስም። አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። በሜዳ ላይ ርቀቱን በግምት ለማወቅ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ይውሰዱ፤ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ያባዙ። 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ 13 ኪሎ ሜትር፣ 100 ሜትር ላይ ያለ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። የወዲያኛው አንቴና ድርሻም ይደመርበታል።

"አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለምን ሩቅ አንሰማም?" የሚሉ አሉ። የሚቆጠረው ግን ከባሕር ወለል ሳይሆን ከአካባቢው መሬት ያለው ከፍታ ነው። ከፒያሳ እንጦጦን አሻግሮ ሱሉልታን ማግኘት ይከብዳል፤ 3,200 ሜትር ወደሚደርሰው እንጦጦ የወጣ ሰው ግን በእጅ ሬዲዮ ሁለቱንም ወገን ያነጋግራል።

አየሩ ራሱ መንገድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካሊፎርኒያና ሃዋይ በ144 ሜጋኸርዝ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተነጋግረዋል፤ መሐላቸው ውቅያኖስ ብቻ ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የግሪክና የደቡባዊ አፍሪካ አማተሮች በዚሁ ሞገድ ተገናኙ። ምክንያቱ ሁለቱ ወገኖች ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ ተቀራራቢ ርቀት ላይ መሆናቸው ነው። ይህ መስመር በኢትዮጵያም ላይ ያልፋል። እኛ ግን ሥሩ ስለሆንን ሞገዱ በአናታችን ላይ አልፎ ይሄዳል።