በሌላ ስም የተሸለሙት ኮርኒሾች

እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ላይ የተካሄደውን የኦሎምፒክ ጨዋታ መዝገብ ያገላበጠ ሰው፣ በራግቢ የብር ሜዳሊያ ያገኘችው ታላቋ ብሪታንያ እንደሆነች ያነባል። መዝገቡ ያልጻፈው ግን ሜዳ የገቡት የኮርንዎል አውራጃ ልጆች መሆናቸውን ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ አውራጃዎችን ሻምፒዮና በማሸነፋቸው መላዋን አገር እንዲወክሉ ተላኩ። በውድድሩ የተገኙት ቡድኖች ሁለት ብቻ ስለነበሩ አንድ ግጥሚያ ተደረገ፤ አውስትራሊያም 32 ለ 3 ረታች።

ለመሆኑ ኮርኒሾች እነማን ናቸው? በብሪታንያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚኖሩ፣ የዌልስ ቋንቋ ዘመድ የሆነ የራሳቸው ልሳን የነበራቸው ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1549 መንግሥት ጸሎት በእንግሊዝኛ እንዲሆን ባዘዘ ጊዜ፣ «ከመካከላችን እንግሊዝኛ የማያውቁ አሉ» በማለት ከጎረቤቶቻቸው ከዴቮን ሰዎች ጋር ዐመፁ። ዐመፁ በሺዎች ደም ተደመሰሰ። ልሳናቸውም እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ከዕለት ተዕለት ንግግር ጠፋ ማለት ይቻላል።

ልሳን ሲከስም ሕዝብን ሕዝብ አድርጎ የሚያቆየው ምንድን ነው? በእኔ እምነት፣ ለኮርኒሾች አንዱ መልስ ጨዋታ ነበር። ታጋዮች የሸራ ጃኬት ለብሰው፣ አንዱ የሌላውን ጃኬት ጨብጦ በጀርባው ለመጣል የሚታገልበት ጥንታዊ ትግል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 የመዳብ ሥራቸው ሲንኮታኮት ማዕድን ቆፋሪዎቻቸው ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተበተኑ፤ ትግላቸውንም ይዘው ሄዱ። ቀደም ብለው ከ1820ዎቹ ጀምሮ ወደ ሜክሲኮ ብር ማዕድን የዘለቁት ደግሞ በፓቹካ ከተማ እግር ኳስን ከተከሉት መካከል ናቸው። የፓቹካ ክለብ ዛሬም አለ፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረው የኮርኒሾች ምግብም «ፓስቴ» ተብሎ በከተማዋ ይሸጣል።

የብሪታንያ መንግሥት ኮርኒሾችን በአናሳ ብሔረሰብነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ የኦሎምፒክ ግጥሚያ በኋላ 106 ዓመታት አለፉ ማለት ነው።

ዜጎች በጋራ ስም መጠራታቸው ነውር የለበትም። የማልቀበለው፣ የጋራው ስም የባለቤቱን ስም ሲውጥ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን፤ ይሁንና ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በትክክል የሚመዘግበው ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ሕዝብ ለማወቅ የሚሻ ሰው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ብቻ ሳይሆን፣ የጨዋታ ሜዳውንም ይመርምር እላለሁ።