በአንድ ስም የተሸሸጉ በሽታዎች፦ የዶሮ የመተንፈሻ ሕመም ምርመራ ታሪክ

በሜልቦርን አስኮት ቬል የሚገኘው የሾው ሜዳ ከ1883 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቪክቶሪያ አርቢዎች ምርጥ እንስሶቻቸውን የሚያወዳድሩበት ስፍራ ነው። ከልዩ ልዩ ግቢ የመጡ ዶሮዎች አንድ አየር የሚተነፍሱበት እንዲህ ያለ ስፍራ አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጤነኛ መስለው ከሚታዩት መካከል በሽታ የተሸከመችው የትኛዋ ናት?

ጥያቄው ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአገራችን ዶሮዎች ሲያስነጥሳቸው፣ ዓይናቸው ሲያብጥና ማለቅ ሲጀምሩ «ፈንግል ገባ» ይባላል። ለእንስሳት ሐኪሞች ፈንግል በቫይረስ የሚመጣው የኒውካስል በሽታ ነው፤ በገጠር ግን ዶሮ ለሚፈጅ በሽታ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ማይኮፕላዝማ፣ ኮራይዛና የዶሮ ኮሌራ የተባሉት የባክቴሪያ ሕመሞች በዚሁ ስም ይሸሸጋሉ።

ሳይንስም ቢሆን ለመለየት ዘግይቷል። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ተመራማሪ ኔልሰን ቀስ ብሎ የሚጀምርና የሚቆይ የዶሮ ጉንፋን ከሌላው ለየ። የበሽታው ተዋሲ ማይኮፕላዝማ ጋሊሴፕቲከም የተባለው ግን በ1960 ነበር። ይህ ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ በቤተ ሙከራም አዝግሞ ያድጋል። ነገሩን የለወጠው ቀላል ምርመራ ነው፤ የደም ውኃ ጠብታ ከተቀለመ አንቲጅን ጋር በሳህን ላይ ተቀላቅሎ ቢረጋ፣ መንጋው ተዋሲውን ሳያገኘው እንዳልቀረ ይጠቁማል። ሕመሙ በእንቁላል በኩል ወደ ጫጩት ስለሚተላለፍ፣ ወላጆችን መመርመር ልጆችን መጠበቅ ሆነ።

በ1980ዎቹ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲው ኬቨን ዊቲርና ባልደረቦቹ ከአውስትራሊያ ዝርያ ቲኤስ-11 የተባለ ሕያው ክትባት አወጡ። ተዋሲው በ33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድጋል፤ በ39.5 ዲግሪ ግን ይገታል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለው የላይኛው የመተንፈሻ አካል ይወሰናል። ነገር ግን ክትባቱ አዲስ ችግር ወለደ፤ የተገኘው ባክቴሪያ የክትባቱ ነው ወይስ የበሽታው? የደም ምርመራ ይህን አይፈታም። መልሱ የተገኘው ዘረመልን በሚያነብብ ምርመራ ነው። በሜልቦርን ክትባትና ምርመራ አብረው ያደጉት በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ ጉዞ ከዚህ ይለያል። በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ይሁን እንጂ የተከተበች ዶሮ በሌላ ሕመም ብትሞት ወቀሳው በክትባቱ ላይ ይወድቃል፤ ባለቤቷም በግምት አንቲባዮቲክ ይገዛል። ገንዘቡ ይባክናል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ተዋሲያንም ይበራከታሉ።

ዛሬ የአንድ ቀን ጫጩቶች ከጥቂት ማስፈልፈያዎች ወጥተው ወደ ብዙ ደጃፍ ይበተናሉ። በአንድ የወላጅ ዶሮ እርባታ ያልታየ ማይኮፕላዝማ ጓዳ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ውስን በጀት ያለው መንግሥት ምርመራውን መጀመር ያለበት ከየመንደሩ ሳይሆን ከወላጅ እርባታዎቹ ነው፤ ውጤቱም የጫጩት ሽያጭ ፈቃድ መነሻ ሊሆን ይገባል። ያን ጊዜ ጫጩት የምትገዛው እናት ከፈንግል በቀር ስም ያልተሰጠውን በሽታ አብራ አትገዛም።