የ«ከ» ቤት አበቦች

ከካርቱም መሐል ከተማ ጥቁር ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ሰሜን የዘለቀ መንገደኛ ባሕሪ ይገባል። ከባሕሪ በስተምሥራቅ፣ የወንዙን ዳር ይዞ የተዘረጋው ሰፈር ካፉሪ ይባላል። ስሙን ያገኘው በእንግሊዝና በግብፅ የጣምራ አስተዳደር ዘመን በዚያ መሬት ላይ እርሻና የወተት ላሞች ከነበሩት ከካፉሪ ቤተሰብ ነው። ከጊዜ በኋላ እርሻው ሰፈር ሆነ፤ ሰፈሩም ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች የበዙበት የባለጸጎች መኖሪያ ሆኖ ታወቀ። የስሙን ፊደል ለሚያጤን ሰው ግን ካፉሪ ከላሞቹ ይልቅ ዛፍ ያስታውሳል፤ ቃሉ በዐረብኛ ሲነበብ «የካፉር የሆነ» የሚል ድምፅ አለውና።

ካፉር የሚጀምርበት የዐረብኛ ፊደል «ካፍ» ይባላል። የግእዙ «ከ»ም የፊደል ስሙ «ካፍ» ነው። ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ፊደል የወረዱ ሲሆኑ፣ የስማቸው ትርጓሜ የእጅ መዳፍ ነው። በዚህ መዳፍ ውስጥ የአማርኛ ተናጋሪ የሚያውቃቸው ብዙ አበባ ያላቸው ዕፅዋት ተሰብስበዋል፦ ከርቤ፣ ከርከዴ፣ ከሴ፣ ካፉር፣ ክትክታ፣ ኮሰረት፣ ኮሶ። በመዝገበ ቃላት ውስጥ እነዚህ ሁሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሜዳ ግን አብዛኞቹ አይተዋወቁም።

የዕፅዋት ሊቃውንት ዝምድናን የሚፈልጉት ከስም ሳይሆን ከአበባ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፉ ዕፅዋትን የመደበው የአበባቸውን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች እየቆጠረ ነበር። ዛሬ በሚሠራበት ምደባ መሠረት ከርከዴ የጥጥና የባሚያ ዘመድ ነው። ኮሶ ከጽጌረዳና ከቀጋ ወገን ይቆጠራል። ከርቤ የዕጣን ዘመድ ነው፤ ካፉር ደግሞ የቀረፋና የአቮካዶ። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 ድረስ በተከታታይ ቅጾች የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበልም የተዘጋጀው በዚሁ በቤተሰብ ሥርዓት ነው። ታዲያ የስም መነሻ ፊደል ለዕፅዋት ታሪክ ምን ይጠቅማል? ስለ ዕፁ ባሕርይ የሚነግረን ነገር የለም። ዕፁን ማን እንደሰየመው፣ ስሙም በማን በኩል እንደተጓዘ ግን ይመሰክራል።

ከእነዚህ ሁሉ ረጅሙን መንገድ የሄደው የካፉር ስም ነው። ነጩና ብርቱ ሽታ ያለው ካፉር የሚወጣው በእስያ ከሚበቅሉ ዛፎች ሲሆን፣ በጥንት ዘመን ዝነኛ የነበረው በሱማትራ ደሴት ከባሩስ ወደብ የሚጫነው ነበር። ስሙ በሳንስክሪትና በፋርስ ቋንቋዎች በኩል አልፎ ዐረብኛ ገባ። በቁርአን ከጀነት መጠጥ ጋር ተጠቅሷል፤ በሙስሊሞች ዘንድም አስከሬን በሚታጠብበት በመጨረሻው ውኃ ውስጥ ይጨመራል። ኋላ የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ወደ ግብፅ ሲገባ ይኸው ስም ወደ እርሱ ተላለፈ፤ ቅጠሉ ሲታሽ ሽታው ካፉርን ይመስላልና። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ያው ዛፍ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ስሙን የሰጠው ሽታው ሳይሆን የመጣበት መንገድ ሆነ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና ባሕር ዛፍ ተባለ። ስለዚህ አንዱ ዛፍ በአንደኛው አገር በ«ከ»፣ በሌላው በ«በ» ተመዘገበ።

ከርቤም ድንበር ሲሻገር ፊደሉን ይለውጣል። በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላዎች ከሚበቅለው እሾሃማ ቁጥቋጦ የሚወጣው ይህ ሙጫ ሰብአ ሰገል ካቀረቧቸው ሦስት እጅ መንሻዎች አንዱ ነው። በዐረብኛ ግን ስሙ «ሙር» ነው፤ ምሬቱን የሚናገር ስም። ከርከዴ ደግሞ ካርቱምም ሆነ ጎንደር ያው ከርከዴ ነው። በኮርዶፋንና በዳርፉር አሸዋማ መሬት በዝናብ ይመረታል። ተፈልቶ የሚጠጣው ብዙ ሰው እንደሚመስለው የአበባው ገላ አይደለም፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ቀይና ወፍራም ሽፋን ነው። በሱዳን ኑሮውን የመሠረተ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ስም አስተርጓሚ አልፈለገም፤ ቡናው ለሚፈላበት ለጀበናም እንዲሁ።

ከስም ሁሉ ብዙ የተንገላታው ግን የኮሶ ነው። ኮሶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ደጋማ አገሮች የሚበቅል ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው በተለያዩ ዛፎች ላይ ያብባሉ፤ ለመድኃኒትነት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሕዝብ የሆድ ትሉን ለማስወጣት ለዘመናት ይህን አበባ እየወቀጠና እየበጠበጠ ሲጠጣ ኖሯል። ምሬቱ ምሳሌ የሚሆን፣ ንግዱም የድኻ ንግድ ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች ንጉሡን ሊያዋርዱ ሲሹ እናታቸውን ኮሶ ሻጭ ይሉ እንደነበር በታሪክ ይወሳል።

ይህን ዛፍ ለአውሮጳ ሊቃውንት በሰፊው ያስተዋወቀው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በጎንደር ከተቀመጠ በኋላ በስናር አድርጎ ወደ ግብፅ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1772 በሐልፋያ በኩል አልፏል። ሐልፋያ ዛሬ ካፉሪ የሚገኝበት የባሕሪ ከተማ አካል ናት። በዚያን ጊዜ በጓዙ ውስጥ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሥዕሎች ነበሩ። ከሥዕሎቹ የሚበዙትን የሠራው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞቷል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለባሉጋኒ የሚገባውን ምስጋና አልሰጠውም፤ የሠዓሊው ድርሻ በወጉ የታወቀው ሥዕሎቹ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመርምረው ሲታተሙ ነው።

ብሩስ በመጽሐፉ ውስጥ ኮሶ የሚለውን የአገሬውን ስም መዝግቧል። የሳይንስ ስም ሲያወጣለት ግን ዛፉን ለወዳጁ ለእንግሊዛዊው ሰር ጆሴፍ ባንክስ ሰጠና «ባንኬሲያ» አለው። የባንክስ ስም አስቀድሞ ለአንድ የአውስትራሊያ ዕፅ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 ስሙን ለውጦ በኬኒግስበርግ ለነበረው የመድኃኒት ሊቅ ለካርል ጎትፍሪድ ሃገን መታሰቢያ አደረገው፤ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የተባለው ያኔ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ አበባው በቁስጥንጥንያ በኩል ፈረንሳይ ሲደርስ፣ በዚያ ከተማ በነበረው በሐኪሙ በብራዬ ስም «ብራዬራ» ተባለ። ኋላም ወደ «ሃጌኒያ» ተመለሰ። ባንክስ፣ ሃገንና ብራዬ ተራ በተራ ስማቸውን ሲያወርሱት የዛፉ መድኃኒትነት አልተለወጠም። መድኃኒትነቱን ያገኙት፣ ልኩንም የሚያውቁት ባላገሮች ግን ከሦስቱ ስሞች በአንዱም ውስጥ የሉም። የሚገርመው በዚያው በ1791 ግሜሊን ብሩስ የገለጸውን እንሰት ሲሰይም የአገሬውን ስም አለመተዉ ነው፤ የእንሰት ስም እስከ ዛሬ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ይኖራል። የኮሶ ስም መቅረት እንግዲህ የሳይንስ ግዴታ አልነበረም፤ የሰያሚው ምርጫ ነበር።

እዚህ ላይ የኮሰረትን ታሪክ ማንሳት ተገቢ ይሆናል። ኮሰረት የለጋ ቅቤ ማጣፈጫ፣ የጓሮ ተክል ነው። ደርቆ በቀላሉ ስለሚያዝ ከአገሩ የወጣ ቤተሰብ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በጓዙ ይከተዋል። የዚህ ተክል የሳይንስ ስም «ሊፒያ አዶኤንሲስ» ሲሆን ትርጓሜው የዓድዋዋ ሊፒያ ማለት ነው። ዱር የሚበቅለው ዓይነት በአማርኛ ከሴ ይባላል፤ በቅጠሉ የእንጨት ዕቃ ይታጠባል። የሁለቱን ልዩነት ለይተው ያወቁት በመጀመሪያ ጓሮ አልምተው ቅቤ ያነጠሩ እናቶች ናቸው። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የጓሮውን ዓይነት በሳይንስ ሲሰይሙ ስሙን ከእነዚያው እናቶች አፍ ወሰዱት፤ «ኮሰረት» ብለው መዘገቡት። ከላይ ከተዘረዘሩት የ«ከ» ቤት ስሞች መካከል ፊደልና የአበባ ዝምድና የተገናኙት በእነዚህ በሁለቱ፣ በከሴና በኮሰረት ነው።

ይህ ጉዳይ በመጻሕፍት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ባሕሪና ካፉሪ የውጊያ ቦታ ሆኑ። ካፉሪ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ቆይቶ በ2025 መጀመሪያ የሱዳን ጦር መልሶ ይዞታል። በዚህ መካከል የሰፈሩ ነዋሪ ተበተነ። ብዙ ሱዳናውያንም ሆኑ በካርቱም ኑሯቸውን ያደረጉ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገቡ። የሸሸ ሰው ግቢውንና ዛፉን ትቶ ይሄዳል፤ ስሙን ግን በአፉ ይዞት ይሄዳል። መተማ ገበያ ላይ ሱዳናዊው ከርከዴ ቢል ይሰማል፤ ሙር ቢል ግን ከርቤ መሆኑን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

እንዲህ ያለውን የስም ልውውጥ የሚያውቁት በድንበር የሚነግዱ፣ በሁለቱ ከተሞች የኖሩ፣ በሰው ቤት ያገለገሉና ያበሰሉ ሰዎች ናቸው። ዕውቀታቸው በአብዛኛው በወረቀት አልሰፈረም፤ ባለቤቶቹ በተበተኑ ቁጥርም ይሳሳል። ብሩስ በሐልፋያ ሲያልፍ የኮሶን ሥዕል ይዞ ነበር፤ የሠዓሊው ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ ተገቢ ቦታ አላገኘም። ዛሬ በዚያው መንገድ በተቃራኒው የሚመጡትን ሰዎች ተቀብሎ ስሙን ከነተናጋሪው መመዝገብ የሚያስፈልገው ደብተርና የሚያዳምጥ ጆሮ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ገጽ የ«ከ» ቤት ይበቃል።