ጣትዎ ላይ የምትደረገው መሣሪያ ከየት መጣች?



ለጨጓራ ኢንዶስኮፒ ገብተው የሚያውቁ ከሆነ፣ የሚያስተኛው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ጣትዎ ላይ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች ነገር ተደርጋልዎት ይሆናል። ፐልስ ኦክሲሜትር ትባላለች፤ ደምዎ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ በመቶኛ ታሳያለች።

ከእሷ በፊት ሐኪም የሚያየው ከንፈርና ጥፍር ነበር። ጠቆረ ወይስ አልጠቆረም? እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን ብዙዎቹ ተመልካቾች ለውጡን የሚያዩት ኦክስጅኑ ወደ 80 በመቶ ከወረደ በኋላ መሆኑን አሳየ። በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ መለየቱ ይብሳል።

መፍትሔው ከጃፓን መጣ። ኢንጂነር ታኩዎ አዮያጊ ልብ የሚረጨውን የደም መጠን በጆሮ በኩል በብርሃን ለመለካት ሲሞክሩ፣ የደም ሥር ትርታ ልኬቱን እየረበሸ አስቸገራቸው። ሊያስወግዱት ሲታገሉ ያ ረባሽ ትርታ ራሱ የኦክስጅኑን መጠን እንደሚናገር ገባቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1974 አካባቢ ነበር።

መሣሪያዋ ለኢንዶስኮፒ ምን ያህል እንደምታስፈልግ የታወቀው ግን በመራራ መንገድ ነው። በ1980ዎቹ ሚዳዞላም የተባለው አስተኚ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭ ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ታካሚዎች ተመዘገቡ። መድኃኒቱም ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ወደ ላስታ እንምጣ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የተኛ ሰው ትንፋሹ ሲደክም ኦክስጅኑ ቶሎ ይወርዳል። «ደገኛ ስለሆነ ነው፣ ዝቅ ማለቱ ልማዱ ነው» ማለት ይቻላል? እኔ አልቀበለውም። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች አማካይ ልኬት 95.3 በመቶ ነበር! ምርመራ አልጋ ላይ 88 ከታየ ለደጋው አይሰጥም፤ አገጭ ቀና ተደርጎ ኦክስጅን ይጨመራል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ በአፍንጫ ኦክስጅን እየተሰጠ ትንፋሽ ቢዳከምም ቁጥሩ ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል። ለዚህ ነው ደረትዎን የሚያይ ባለሙያ አጠገብዎ መኖር ያለበት።

ማታ የሚያንኮራፉ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለብዎት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። የጥፍር ቀለምዎን ያስለቅቁ። «የኦክስጅን መለኪያው አለ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።